ጤነኛ አዛውንት ይፈለጋል

አዲሱን የማስታወስ ፈተና የምንሞክርባቸው ጤነኛ አዛውንቶች ስንፈልግ አንድ ሰው ጎደለን፤ አባቴን ይዤ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ያስተማራቸውን ልጆች ስም እስከ አያታቸው ይጠራ ነበር።

አምስት ቃላት አነበብኩለት። ትንሽ አጫውቼው መልሼ ጠየቅኩት።

«ወንበር፣ ሎሚ፣ ድልድይ፣ መርፌ፣ በቅሎ» አለኝ፣ አንዱንም ሳይስት።

«ጎሽ አባዬ!»

«አለፍኩ፣ የኔ ልጅ?»

«ሙሉ ነው ያገኘኸው!»

ላስነሳው እጁን ስይዝ መዳፉን አየሁት። ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ስለማመዳቸው የሰማቸውን አምስቱንም ቃላት በእስክሪብቶ ጽፏቸዋል። ከሥራቸው ደግሞ አንድ መስመር አለ፦

«ፈታኟ ልጄ ናት። ስሟ ይርገዱ ነው።»