ጠፍጣፋው ድንጋይ

«ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ጠፍተው ከረሙ? ባለቤትዎስ? ያ ሳል ተሻላቸው?» አለች ዳቦ ሻጯ፣ ሁለት ትኩስ ዳቦ በወረቀት እየጠቀለለች።

ሰዓት ጠጋኙ ኪሱን ለገንዘብ መዳበስ ጀመረ። አጠገቡ የቆመችው ልብስ ሰፊ ሚስቱ መልሱን ጠበቀች። ሳል የነበረባት የመጀመሪያ ሚስቱ ነበረች። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው።

«ደህና ናት፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«እሰይ። እርስዎስ እህታቸው ነዎት?»

«አዎ፣ እህቱ ነኝ» አለች ሚስትየው፣ ባሏ አፉን ሳይከፍት። እልህ ነው ያናገራት። ስትናገረው ደስ አላት፤ ከበሩ ሳትወጣ ቆጫት። ለእረፍት በተከራዩት የገጠር ቤት ገና አራት ቀን ይቀራቸዋል፤ በዚህች ትንሽ ከተማ ያለው ዳቦ ቤት ደግሞ ይሄው አንድ ነው። አራት ቀን ሙሉ የገዛ ባሏ እህት ሆና ዳቦ ልትገዛ ነው።

ከከተማዋ ወጥተው ወደ ቤቱ የሚወስደውን አቀበት ተያያዙት። እሷ ከፊት እሳት ለብሳ፣ እሱ ከኋላ ዳቦውን ታቅፎ።

«አዲስ አገር እንይ» ብሎ ነበር ይዟት የመጣው። እውነት መስሏት፣ ለጉዞው ብላ ሰማያዊ ሱሪ ሰፍታ፣ ደንበኞቿን ለሳምንት አሰናብታ ተከተለችው። የቤቱ በር ከፍ ካላደረጉት እንደማይዘጋ ገና ሲደርሱ አወቀ። መንገዱ ላይ ካለው የእንጨት ድልድይ የትኛው ሳንቃ እንደሚከዳ ሳይረግጠው ነገራት። እሷ ሞኟ «ባሌ ነገር ቶሎ ይገባዋል» እያለች በሆዷ ስትኮራበት ሦስት ቀን አለፈ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ማን ያሳድድሻል?»

«ወንድሜ፣ ከደከመህ እረፍ።»

ትንሽ ሄዱ። ዞር ሳትል ጠየቀችው።

«ሞታለች ለማለት ምን ያዘህ?»

«ሴትዮዋ ደስ ብሏት ነው የጠየቀችኝ። ዳቦ እየጠቀለለች፣ እንዴት ብዬ…»

«ስለዚህ እኔን ገደልከኝ።»

ዳቦውን ወደ ሌላው ክንዱ አዛወረ።

የአቀበቱ አጋማሽ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በየቀኑ እዚያ ሲደርሱ ነው «ትንሽ እንረፍ» የሚላት። የመጀመሪያው ቀን ለእሷ አስቦ መስሏት፣ ሳይደክማት የደከማት መስላ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ዓመት የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ እግር ይህን አቀበት ሁለቴ ቢወጣው ምንም አይለውም። አሁን ገባት። እረፍቱ የተለካው በሌላ ሴት ትንፋሽ ነው። በሰው ልክ የተቆረጠ ቀሚስ ለብሳ ሦስት ቀን ስትሽከረከር ከርማለች። በሞተ ሰው መቅናት ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ቀናች።

«ትንሽ እንረፍ» አለ ሰዓት ጠጋኙ፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ።

«እኔ አያስለኝም» ብላው አለፈች።

ሃያ እርምጃ ያህል ሄዳ ዞረች። ድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ዳቦው ጉልበቱ ላይ። በስተግራው ያለውን ቦታ ከወደቀ ቅጠል በእጁ እየጠረገ ነው። ስፋቱ ለአንዲት ቀጭን ሴት ይበቃል።

ትታው መሄድ ትችላለች፤ የቤቱ ቁልፍ እሷ ኪስ ውስጥ ነው። ቆመች። ከዚያ ተመልሳ ወረደች።

«ነይ» አለ፣ የጠረገውን ቦታ መታ መታ እያደረገ።

«እዚያ አልቀመጥም። ጠጋ በል።»

«ወዴት?»

«ወደዚያ።»

ባዶውን ቦታ አየው። በመጨረሻ ዳቦውን ከጉልበቱ አንስቶ፣ እየከበደው፣ ወደ ግራ ተንሸራተተ። እሷ እሱ ከለቀቀው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ነገ ለዳቦ ሻጯ አንተ ትነግራታለህ» አለች። «ስለ እሷም፣ ስለ እኔም።»

«እነግራታለሁ።»

ወረቀቱን ፈታ። ዳቦው አሁንም ይሞቃል። ቆረሰና እጁ እንደለመደው ወደ ግራ ተዘረጋ፤ እዚያ ሣር ብቻ ነበር። እጁ አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።