ሄልሜት ላይ ሁለቴ

ትራፊክ ፖሊሱ የራዳሩን ስክሪን ወደ ሞተረኛው አዞረለት። ሃምሳ በተፈቀደበት መንገድ ላይ ስልሳ ሁለት ይላል።

"ጋሼ፣ እስከ አስር ድረስ እኮ ታልፉናላችሁ። ሞተረኛ ሁሉ የሚያውቀው ነው።"

"እሺ፣ አስሯን ልለፍልህ። ሁለቷን የት ላድርጋት?" አለ ፖሊሱ ሳቁን እየዋጠ። ከዚያ መንጃ ፈቃዱን መለሰለት። "ለዛሬ ሂድ። ግን ቃልህን ስጠኝ፤ ከፊት ለሚመጡት ሄልሜትህን እንዳትመታላቸው።"

ሞተረኛው ቃሉን ሰጠ። ሄልሜትን ሁለቴ መታ መታ ማድረግ በሞተረኞች መካከል "ፖሊስ አለ" ማለት ነው፤ ይህ ሰው እንዴት እንዳወቀው ግን አልገባውም። ገና ማርሽ ሳይቀይር ከወዲያ ጫፍ አንድ ቀይ ሞተር እየከነፈ ብቅ አለ። ታናሽ ወንድሙ ነበር። አንድ ቅጣት ከተጨመረበት መንጃ ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ያለ ሞተር ደግሞ ሥራ የለውም። የሞተረኛው ግራ እጅ መሪውን ይለቃል፣ መልሶ ይይዛል፣ ደግሞ ይለቃል። ወንድሙ ሊደርስበት ጥቂት ሲቀረው እጁ ሳይታዘዝ ተነሳና ሄልሜቱን ሁለቴ መታ።

ወንድሙ ካለፈው በኋላ የፍሬኑ መብራት ቦግ ሲል በስፖኪዮው አየ። ቀዩ ሞተር እንደ ሙሽራ መኪና ዝግ ብሎ በፖሊሱ ፊት አለፈ። ሞተረኛው ዓይኑን ከስፖኪዮው መንቀል አቃተው፤ የፉጨት ድምፅ ጠበቀ። ፖሊሱ ግን አላፏጨም። ራዳሩን ቀስ ብሎ አወረደ፣ ፊቱን ወደ ሞተረኛው መለሰ፣ ከዚያም የገዛ ቆቡን በጣቱ ሁለቴ መታ መታ አደረገ።