ሣሩ ካለቀ በኋላ

«የተምች እናት የእሳት እራት ናት፤ ከዝናብ ጋር መጥታ እንቁላሏን ሣር ላይ ትጥላለች። ትሉም ሣርና በቆሎ እንጂ ሥጋ አይነካም። አይፍሩ፣ አዴ ሁዳ!» አለ የግብርና ባለሙያው ሽመልስ። ከፊልቱ እስከ ነገሌ ይህንኑ ሲያስተምር ኖሯል።

ሁዳ የጥጃውን ገመድ አሳየችው። ከችካሉ ጋር እንደታሰረ ነው፤ የአንገቱም ቋጠሮ አልተፈታም። ጥጃው ግን የለም።

«ሣሩ እኮ ያለቀው ማክሰኞ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ነው። ታዲያ ትሎቹ በምን ወፈሩ ይላሉ አንቱ?»

ሽመልስ ተናደደ። መሬቱን የሸፈኑትን ትሎች በከስክስ ጫማው ይጨፈልቃቸው ጀመር። ተምች ሲፈርጥ የሚወጣው አረንጓዴ ነው። ጫማው ግን ደም በደም ሆነ። እልህ ይዞት እንደ እብድ ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ።

ድንገት ሜዳውን የሞላው የማኘክ ድምፅ ጸጥ አለ። ትሎቹ ሁሉ ራሳቸውን ቀና አድርገው ወደ እሱ ዞሩ።