ለብ ያለ ውሃ

የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ የዋለችው ሴትዮ ቤቷ ገብታ ወገቧን ይዛ ከእናቷ አልጋ አጠገብ ባለው ካርቶን ፊት ተንበረከከች። በውስጡ ያሉትን ጫጩቶች ገዝታ ያመጣቻቸው ገና አሁን ነበር። ሻጩ «መጠጣት አያውቁም፤ አንቺ ነሽ የምታለማምጃቸው» ስላላት ከማንቆርቆሪያው ውሃ በሳህን ቀድታ አንድ በአንድ መንቁራቸውን ነከር ታደርግ ጀመር። እናቷ ከትናንት ጀምሮ ውሃ አልቀምስም ብለው ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል።

«እኔን የሚያነሳ ጠፍቶ አሁን ደግሞ ጫጩት!»

«ሥራ ስሄድ ያጫውቱሽ ብዬ ነው፣ እማዬ። በሞቴ፣ አንድ ጉንጭ ውሃ?»

«አልፈልግም አልኩሽ እኮ!»

ለመከራከር እንኳ አቅም አልነበራትም። የመጨረሻዋ ጫጩት አልጠጣም ስትላት አንገቷን ይዛ ደፈቀቻት።

«ኧረ አፍንጫዋን! ልትገያት ነው እንዴ? ወዲህ በይ» አሉ እናቷ።

ጫጩቷንም ሳህኑንም ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ጣታቸውን ነክረው ጠብታዋን ወደ መንቁሯ አስጠጉላት። ጫጩቷ ቀመሰችና ቀና ብላ ዋጠች። እናቷ ግን ጣታቸውን መልሰው ውሃው ውስጥ ከተቱ።

«ለእነሱ አሙቀሽላቸዋል?»

«ከቀዘቀዘ ያማቸዋል አለኝ ሻጩ።»

«የኔማ እንደ በረዶ ነው። ጥርሴን ሲጠዘጥዘኝ ጊዜ ተውኩት።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«እንዲህ ደክሞሽ እየመጣሽ?» አሉ እናቷ፣ ጫጩቷን ደረታቸው ላይ አስጠግተው።

ሴትዮዋ የአልጋውን ጠርዝ ተደግፋ ተነሳች። ከማንቆርቆሪያው የተረፈውን ውሃ በብርጭቆ ቀዳችና ከመስጠቷ በፊት ጣቷን ነክራ ሙቀቱን ሞከረችው።