ትልቁ ዲስክ

ያ ክረምት ከባድ ነበር። መጀመሪያ ጎርፉ የታላቅየውን ማሳ ጠርጎ ሄደ። ቀጥሎ ጓዳው ተናደ። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ደግሞ ሚስቱ በሳል ሞተች። ታላቅየው ያን ጊዜ ነው ክራንቾቹን ብብቱ ስር ወትፎ ከተማ፣ ታናሽ ወንድሙ ዘንድ፣ እግር ሊያሠራ የመጣው።

ታናሽየው ሰው ሠራሽ እግር ይሠራል። ስንቱን አቁሞ አስኪዷል፤ ለወንድሙ ግን አንድም ቀን አልሠራም። ልጆች ሳሉ ግድግዳ ሲናድ ታላቅየው እሱን ገፍትሮ አወጣውና የራሱ ቀኝ እግር ከጉልበት በታች እዚያው ቀረ። ስለዚህ ነገር አውርተው አያውቁም። «ልለካህ» ባለው ቁጥር «ለሌላው ሥራ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» ይለዋል። ታናሽየውም ያቀረቅራል።

አሁን ግን ማሳ የለም። የአገሩ የእህል መጋዘን ነገ ጠዋት ዘበኛ ይቀጥራል፤ በክራንች የቆመ ሰው አይፈልግም። ወደዚያ የሚሄደው የመጨረሻው አውቶቡስ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይነሳል።

የታናሽየው ላፕቶፕ እምቢ ያለው ይሄኔ ነው።

ሆዱ ተከፍቶ፣ ብሎኖቹ ጎኑ ተደርድረው፣ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ሲያበሩት ምልክቱ ይመጣል፣ ክቧ ትዞራለች፣ ከዚያ ድርግም። ደግሞ ከመጀመሪያው። ከውስጡ በጥፍር እንደሚቧጥጡት ያለ ድምፅ ይሰማል። የሰው ሠራሽ እግሩ ቅልጥምና መርገጫ ካለቁ ሰንብተዋል፤ የቀረው ጉልበቱ የሚገባበት የእንጨት ማቀፊያ ነው። ማቀፊያውን የሚጠርበው ማሽን ደግሞ ያለዚህ ላፕቶፕ አይንቀሳቀስም። የጉልበቱ ልክ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ልኩን የወሰዱበት ካሜራ ከሆስፒታል የተዋሱት ነበር፤ ተመልሷል።

የኮምፒውተር ጠጋኙን ጠዋት በስልክ አግኝቶት ነበር። ባለፈው ዓመት ሁለተኛውን ዲስክ የጨመረለት እሱ ነው። ጠጋኙ ድምፁን ሰምቶ፣ ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ እየሞተ እንደሆነና ሌላውንም ይዞ እንዳስቀረው ነገረው። «ትልቁን ንቀልና አስነሳው» አለው። መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ የጠጋኙ ስልክ አይሠራም።

ታናሽየው ነቀለ። ትልቁ የትኛው እንደሆነ መች ጠፋው፤ አዲሱ ነው። ሲገጠምለት «ይሄ የድሮውን እጥፍ ይይዛል» ተብሏል። ነቅሎ ሲያበራው ጥቁሩ መስታወት ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፦ የሚነሳበት ዲስክ የለም። መልሶ ሰካ፤ ያው ክብ፣ ያው መቧጠጥ። ደግሞ ነቀለ። ነጩ ጽሑፍ። አንዷ ብሎን አምልጣው ሰጋቱራው ውስጥ ገባች፤ ተንበርክኮ ይዳብስ ጀመር።

ታላቅየው አግዳሚው ላይ ሆኖ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ያየዋል። በበሩ በኩል፣ ጠዋት ወጥቶ ሲገባ ጭቃው ላይ የተወው ዱካ ይታያል፤ የአንድ እግርና የሁለት ቀዳዳ።

«በቃ ተወው» አለ። «አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ።»

«ትንሽ ቁጭ በል፣ ወንድምጋሼ።»

«ቁጭ ብዬማ ነው የኖርኩት።»

 ታናሽየው ብሎኗን አገኛት። እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ወንድሙ ዛሬ በክራንች ከወጣ ዳግመኛ ለዚህ ጉዳይ እንደማይመጣ ያውቃል።

ታላቅየው አንጀቱ አልቻለም መሰል፣ ወሬ አመጣ። በመጣ ዕለት ቤቱን ሲያጠያይቅ የጥጉ ባለ ሱቅ ምን እንዳለችው ነገረው።

«ትልቁ ወንድምህ ውስጥ አለ አለችኝ። ይሄን ሁሉ ሽበት ተሸክሜ! አንተ ሸንበቆ፣ ታላቅነቴን አስቀማኸኝ። ቁመቱን አይተሽ እንዳትሸወጂ፣ ትልቁስ እኔ ነኝ አልኳት።»

ታናሽየው ቀና አለ።

«ምን አልካት?»

«ትልቁ እኔ ነኝ።»

ተነሳ። ሁለቱን ዲስኮች አያቸው። አዲሱ ከጣት የቀጠነ፣ እንደ ማስቲካ ቅጠል ያለ ነው፤ ብዙ የሚይዘው እሱ ነው። አሮጌው መዳፍ ይሞላል፣ ይከብዳል። ጠጋኙ እንደ ባለ ሱቋ ነው። የሚያወራው ስለ ቁመና ነው።

ቀጭኑን መልሶ ሰካ። መዳፍ የሚሞላውን ነቀለና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሲያበራው መቧጠጡ የለም። ክቧ መዞር ጀመረች። ማየት አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መጣ» አለ ታላቅየው ከኋላው።

ትንሽ ቆይቶ መስታወቱ ላይ አንድ ግራጫ ጉልበት ቀስ እያለ ይሽከረከር ነበር። ታላቅየው አንገቱን አስግጎ አየው።

«ይሄ የኔ ነው?»

«ያንተ ነው።»

«እኔ ደግሞ ድንች መስሎኝ።»

ማሽኑ እንጨቱን ነከሰ። ሰጋቱራው ሁለቱም ላይ ዘነበ። ማቀፊያው ወጥቶ፣ ተልጎ፣ ከቅልጥሙ ጋር ሲታሠር ታላቅየው ከከረጢቱ አንድ የቀኝ እግር ጫማ አወጣ። ጫማ ሲገዛ ግራውን ያደርጋል፤ ቀኙን ሚስቱ አቧራውን እየጠረገች ታስቀምጥ ነበር። ሶሉ መሬት አያውቅም።

ታናሽየው ተንበርክኮ ክሩን አሠረለት።

«ጠበቅ አድርገው። እንዲህ... እንግዲህ ከዛሬ ወዲያ እንዳታቀረቅርብኝ።»

ታናሽየው ከጥግ የእንጨት ዱላ አቀበለው፤ መጀመሪያ ያለ ድጋፍ አይሆንም። ታላቅየው ዱላውን መዘነና ዘበኛ መቼም ያለ ዱላ አያምርበትም አለ። ክራንቾቹን ግድግዳው ላይ ትቶ ወጣ። አረማመዱ ቀርፋፋ፣ ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ነበር። ዞር አላለም።

ታናሽየው በሩ ላይ ቆሞ፣ ወንድሙ ጥጉን እስኪታጠፍ ድረስ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ወደ ጭቃው።

ግራ፣ ቀኝ፣ የዱላ ነጥብ። ግራ፣ ቀኝ፣ የዱላ ነጥብ።