የበርበሬ ሰሞን ትምህርት

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ በርበሬውን እንዳትረግጡት ብቻ። እንዲህ እንዳሁኑ ኅዳር ነበር፤ ማሳው ሁሉ ቀልቶ፣ ለቃሚ ጠፍቶ።

ቡሬ አጠገብ የሚኖር ስመኘው የሚባል ገበሬ ሚስት አጭቷል። ሽማግሌ ሂዶ የጅጋዋ ሕሊና ተፈቅዳለታለች፤ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። ታዲያ የዘመኑ ነገር፣ “እጮኞች የጋብቻ ትምህርት ሳይማሩ ተክሊል የለም” ተባለ። ስድስት ረቡዕ፣ ፍኖተ ሰላም ድረስ።

ስመኘው ወዳጁን መልካሙን ጠራው።

“በርበሬው ደርሶብኛል፤ አንድ ቀን ብቀር ይረግፍብኛል። ሚዜዬ አይደለህ? በስሜ ተማርልኝ።”

“ልጅቱ ‘ይኸ ማነው’ ብትልስ?”

“በስልክ ነግሬያታለሁ። ስቃ ስቃ ‘ይሁን’ አለች።” ፎቶዋን ሊያሳየው ስልኩን አወጣ።

መልካሙ ፊቱን አዞረ። “የሰው ሙሽራ አላይም።”

እንዲህ ያለ ጨዋ ነው። ጉድ የሠራውም ይኸው ጨዋነቱ ነው።

አስተማሪው የኔታ ገብረሰንበት ዓይናቸው ደክሟል። “ስመኘው” ብለው ሲጠሩ መልካሙ ዝም፤ ጎኑ ያለው በክርኑ ሲጎስመው ነው “አቤት” ያለ። “ሕሊና” ሲሉም ልጅቱ ሁለተኛ እስኪጠሯት አልሰማችም።

“ሁለቱንም ፍቅር ጆሯቸውን ደፍኖታል” አሉ የኔታ።

ከዚያ ጠየቁት። “ሚስትህ ብትቆጣ ምን ታደርጋለህ?”

“ዝም እላለሁ፣ የኔታ።”

“ዝም ብለህስ?”

“ያቀረበችውን እበላለሁ።”

“ተቆጥታ ማን ሊያቀርብለት?” አለች ልጅቱ፣ ወደ መሬት እያየች። አዳራሹ ሳቀ። መልካሙ ግን አልሳቀም፤ ያን ድምፅ ቤቱ ይዞት ገባ።

በሦስተኛው ረቡዕ የኔታ፣ “ምን ዓይነት ኑሮ ትመኛላችሁ?” አሉ።

“ሕሊና እንኳ ከተማ ነው የምትወድ” አለችና ደንገጥ ብላ አፏን ያዘች። “እኔማ… ዶሮና ጓሮ ከኖረኝ ይበቃኛል።”

መልካሙም ከልጅነቱ የሚመኘው ዶሮና ጓሮ ነው። ሳያውቀው ወደዳት። የወዳጅ ሙሽራ! መሬት ብትከፈት ይገባባት ነበር።

በስድስተኛው ረቡዕ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ልጅቱ የራሷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

“የአንተን ለባለቤቱ አድርስ” አለችው። አንድ ነገር ልትጨምር ከንፈሯን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። “ተወው፤ ምያለሁ።”

መልካሙ ወረቀቱን ለስመኘው ሰጠና፣ “ሌላ ሚዜ ፈልግ፤ አሞኛል” አለ።

“ስድስት ሳምንት ተምረህልኝ ዛሬ ልትታመም? ሙተህም ቢሆን ትመጣለህ።”

ምን ያድርግ፣ ሄደ። ጥር ደርሶ፣ ጅጋ ዳስ ተጥሎ፣ ሕዝቡ እልል ሲል እሱ የሙሽራውን ጥላ ይዞ ጫማውን ያያል። የሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ሲገለጥ ግን አንዴ ቀና አለ። ጥላው ከእጁ አምልጦ የሙሽራውን አጎት ራስ መታ።

“ይኸ ልጅ አሞኛል ያለው እውነቱን ነው” አሉ አጎትየው፣ ራሳቸውን እያሻሹ።

ከዚያ ወዲያማ፣ ስመኘውና ሕሊና ቡሬ ሱቅ ከፈቱ፤ ወልደዋል፤ በቀን ሁለቴ ይጣላሉ። የኔታ መነጽር ገዙ። መልካሙ ያችኑ የረቡዕ ልጅ አግብቶ ሽንዲ ዶሮ ያረባል፤ አንድም ቀን ተጣሉ ሲባል አልሰማሁም። በሠርጉም ሚዜው ስመኘው ነበር፤ እስክስታ ወርዶ ወርዶ ጫማው ተገነጠለ።

ለካ በዚያ ኅዳር የሕሊናም በርበሬ ደርሶባት ኖሯል፤ እሷም ጓደኛዋን ሠርክአዲስን ነበር፣ ለማንም እንዳትናገር አስምላ፣ በስሟ የላከች።