የማነጻጸሪያው ደም

ዶክተር ውብዓለም በሴል ውስጥ ስብ ተሸክሞ የሚያደርሰውን ፕሮቲን ማጥናት ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። ፕሮቲኑ ጎድጓዳ ኪስ አለው፤ ስቡን እዚያ ሸሽጎ በሴሉ ውኃ መካከል ያሻግረዋል። ኪሱ የተበላሸባቸው ልጆች ስቡ በሴላቸው እየተከማቸ፣ ቀስ በቀስ መራመድም መናገርም ያቅታቸዋል።

ሰሞኑን ግን እንቅልፍ የነሳት የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ዘርይሁን ነበር። እሷ ስትገባ ኮምፒውተሩን ይዘጋል። የአንዱን ናሙና ውጤት ስትጠይቀው፣ «ገና ነው፣ ዶክተር» ይላታል። ይህ ሰው ልፋቴን በስሙ ሊያወጣው ነው ብላ ጠረጠረች።

ዛሬ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ምንድን ነው የምትደብቀኝ? አምጣው!»

«አንድ ቀን ብቻ ይታገሱኝ» አለ ዘርይሁን፣ የውጤቱን ወረቀት ወደ ኋላው እየሸሸገ። «ሦስቴ ሠርቼዋለሁ፤ አንዴ ልድገመው።»

ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። አራት ዓመት ስትፈልገው የኖረችው የኪሱ ብልሽት ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። «አገኘነው!» ብላ ጮኸች። ዘርይሁን ግን ቀና ብሎ አላያትም።

ያኔ የናሙናውን ቁጥር አነበበች። ከጤነኛ ልጅ ለማነጻጸሪያ የተወሰደ ደም ነበር። የቀዳችውም ራሷ ናት፤ ከልጇ ከናርዶስ ክንድ።